የመሸበት እንግዳ ውለታ

ልብ ወለድ ታሪክ ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ ድንገተኛ ግንኙነት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ወይም ለአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በስሕተት ሌላው እጅ ይገባል፤ ወይም ያልታሰበ ዝናብ ሁለቱን በአንድ በረንዳ ሥር ያስጠልላቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን አንባቢ አስቀድሞ ያውቀዋል። መጀመሪያ ይኮራረፋሉ፣ ቀጥሎ ይፈላለጋሉ፣ በመካከሉ ይጠፋፋሉ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ያው ድንገት ተመልሶ ያገናኛቸዋል። አንባቢው ይህን ሁሉ እያወቀ መጽሐፉን አይዘጋም፤ እንዲያውም መብራቱን ሳያጠፋ ሌሊቱን ያጋምሳል።

ሐያስያን እንዲህ ያለውን ድርሰት ብዙውን ጊዜ «የጊዜ ማሳለፊያ» ብለው ያልፉታል። ሰበብና ውጤቱ ያልተያያዘ ሴራ የደራሲ ስንፍና ምልክት ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እውነታቸው ግን ግማሽ ነው። ይህ ዐይነቱ ልብ ወለድ አንባቢን የሚይዘው በፍቅሩ ጣዕም ብቻ አይደለም። በሥሩ አንድ የቆየ የግብረ ገብ ጥያቄ ተቀብሮ ይገኛል። የሥጋ ዝምድና፣ የአገር ልጅነት፣ የሃይማኖት አንድነት ወይም ውል ያላገናኘውን፣ ድንገት ብቻ መንገዱ ላይ የጣለለትን ባይተዋር ሰው ምን ያህል ሊሆንለት ይገባዋል? ባይተዋሩስ የተደረገለትን በጎ ነገር ለማን ይከፍላል?

አማርኛ ይህን ጥያቄ ከልብ ወለድ በፊት ያውቀዋል። ቀን የጎደለበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል ስሙንም ወገኑንም አላስቀደመም፤ ያስቀደመው መምሸቱን ነው። «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው መልስም ባለቤቱን ለአንዲት ሌሊት ከባለቤትነቱ የሚያወርድ ቃል ነው። ቤቱ የእርሱ ካልሆነ ያሳደረበት ውለታ ውለታ አይባልም። እንግዳውም ማታ እግሩን ታጥቦ፣ የተገኘውን ቀምሶ፣ ጎሕ ሲቀድ ዕዳ ሳይኖርበት መንገዱን ይቀጥላል። ብልኅ ሥርዓት ነበር፤ ድንገትን ከድንገትነቱ አውጥቶ ወግ አደረገው። ነገር ግን ይህ ወግ የተቆረጠው አልፎ አልፎ አንድ እንግዳ ለሚመጣበት የገጠር ደጅ ነው። በየማታው በመቶ የሚቈጠር እንግዳ በሚወርድበት ከተማ ምን ይሆናል?

ድሬዳዋ የዚህ ጥያቄ ከተማ ናት። ራሷ የተገኘችው በአንድ ዳገት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ጥንታዊቷ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ የማይመች በመሆኑ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። በመጀመሪያ «ዐዲስ ሐረር» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ፣ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ፣ ከባሕር የሚመጣውም ወደ ባሕር የሚወርደውም ሁሉ በድሬዳዋ ከባቡር ወደ በቅሎ ወይም ከግመል ወደ ባቡር ይሸጋገር ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝምና ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ አንዷን ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንዷን በአዋሽ ያድር ነበር።

አንባቢ ያቺን የድሬዳዋ ሌሊት ያስባት። የግሪክ ባለሱቅ፣ የአርመን የእጅ ባለሙያ፣ የህንድና የየመን ነጋዴ፣ ከኦጋዴን የመጣ ሶማሌ፣ ከሐረርጌ ደጋ ቡና ያወረደ ኦሮሞ፣ ከሐረር ግንብ የወጣ ሐረሪ፣ ከሸዋ የተላከ ጸሓፊ፣ የሐዲድ ሥራ ያመጣው ፈረንሳዊ፣ ሁሉም መሽቶበታል። ከፊሉ በከዚራ ቀጥ ባሉት መንገዶች፣ ከፊሉ ደቻቱን ተሻግሮ በመጋላ በጠባቡ ሰፈር ማደሪያ ይፈልጋል። ወንዙ ዐሸዋ ብቻ ሆኖ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ስለሚከርም መሻገሩ አያስቸግርም። ጧት የባቡሩ ፊሽካ ሲነፋ ግን ማታ በአንድ ማዕድ የቀረቡ ሰዎች ይለያያሉ፤ አብዛኞቹ ዳግመኛ አይተያዩም። በየደጁ «የእግዜር እንግዳ» እያሉ መቆም በዚህ ከተማ አይቻልም። ማደሪያው በገንዘብ፣ ዕቃው በሚዛን፣ መንገደኛው በቲኬት ነው።

ለልብ ወለድ ደራሲ ከዚህ የተሻለ የተዘጋጀ መድረክ አይገኝም። የሚያስደንቀው ግን የድሬዳዋ ልብ ወለድ በከዚራ ጥላ ሥር አለመጻፉ ነው። በቀረጡ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ይዘውት ተቀምጠዋል። «ነጋድራስ» ማለት በቃሉ የነጋዶች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በሥራው የቀረጥ ኀላፊና የነጋዴ ዳኛ ነው። በ1910 ዓ.ም. ግድም በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በድሬዳዋ ነጋድራስነት ከተሾሙት ሰዎች መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይገኙበታል። አንደኛው ድንገተኛ ግንኙነት የሞላበትን ልብ ወለድ ጻፉት፤ ሌላኛው ኖሩት። ይህን ያህል የተቃረኑ ሁለት ምስክሮች በአንድ ወንበር መቀመጣቸው ራሱ ድንገት ነው።

ከጻፉት ይጀመር። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከጣና ዳር ከዘጌ የወጡ፣ ገና በወጣትነታቸው ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣሊያ የተላኩ፣ በኋላም በኔፕልስ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሟት አጭር መጽሐፍ በአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ሆና ትቈጠራለች። ዛሬ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም «ጦቢያ» ብትባልም ደራሲው የሰጧት ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ የድርሰቱ ዐይነት መጠሪያም ከዚያው ተወሰደ። እንግዲህ አማርኛ ልብ ወለድን «ሀ» ብሎ የጀመረው በአንድ የመንገድ ላይ ባይተዋር መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን መኰንን በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል፤ ባርነት ውስጥ ይገባል። ዘመድ አይደርስለትም፤ ወታደሩም ተበትኗል። አንድ ፈጽሞ የማያውቀው ነጋዴ ይደርስና የነጻነቱን ዋጋ ከራሱ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሚስቱና ወደ መንታ ልጆቹ ይሰደዋል። ወንዱ ልጅ ዋህድ ያን ባለውለታ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ከቤት ይወጣል። ከታሪኩ የሚከተለው መከራም ደስታም ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህች አንዲት ክር ነው።

የዚህን ትዕይንት ሥራ ከሴራው ነጥሎ ማየት ይገባል። ነጋዴ ማለት ለሁሉ ነገር ዋጋ የሚያወጣ ሰው ነው። የባሪያ ገበያ ደግሞ ሰው ዋጋ የሚወጣለት ሥፍራ ነው። ደራሲው ያደረጉት ነገር ቢኖር የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው አስገብተው ዋጋውን እንዲከፍልና የገዛውን ነገር እንዳይወስድ ማድረግ ነው። በዚያች ቅጽበት ገንዘቡ ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ሰውየው ዕቃነቱ ቀርቶ ሰው ይሆናል። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጎዳና ያገናኘው ድንገት መሆኑ አይካድም። ኪሱን ያስፈታው ግን ድንገት አልነበረም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ ያንኑ ምርኮኛ አይቶ ያለፈ ሰው መኖሩን ደራሲው ባይነግሩትም አንባቢ ያውቀዋል። ድንገት ደጅ ድረስ ያመጣል እንጂ ደጁን አይከፍትም። ጥሩውን የድንገት ልብ ወለድ ከመጥፎው የሚለየውም ይህ ነው፤ መጥፎው ልብ ወለድ በሩን ራሱ ድንገት እንዲከፍተው ያደርጋል።

የዋህድ ጉዳይ ከአባቱ ይልቅ የከበደ ነው። አባት ድኗል፤ ቤቱ ገብቷል፤ ነጋዴውም መንገዱን ሄዷል። ማንም ዳኛ ዋህድን ሊከሰው አይችልም። ግን የአባቱ ነጻነት የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ያሳስበዋል። በዘመድ መካከል ቢሆን ውለታ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በደቦ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ሒሳቡ ስለማይዘጋ ዝምድናው ይቀጥላል። ባይተዋር የዋለው ውለታ ግን መመለሻ መንገድ የለውም። ስለዚህ ልጁ መንገዱን ራሱ ሊያበጅ ይወጣል። ከዚያስ? ለአባቱ አዳኝ የላከ ያው ጎዳና ለልጁ ባሪያ ፈንጋይ ይልክበታል። ዋህድ ተይዞ ይሸጣል። አፈ ወርቅ ከጻፉት ሁሉ ይህች እጅግ ጨካኝና እጅግ እውነተኛ ቦታ ናት። ድንገት ምግባር የለውም። አንድ ጊዜ ደግ የሆነ መንገድ ሁለተኛ ደግ የመሆን ግዴታ የለበትም። በጎ ሥራ ሊመልስ የወጣ ልጅም ከክፉ አይጠበቅም።

ደራሲው በዚህ እውነት ላይ ቢቆዩ ኖሮ ምን ዐይነት መጽሐፍ ይወጣ እንደነበር ማሰብ ያስጎመጃል። ነገር ግን አልቈዩም፤ ወደ ጣፋጩ ተመለሱ። አባትና ጦቢያ ዋህድን ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች፤ አረመኔ በተባለው ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር ትያዛለች። ይህ ክፍል ዛሬም ያስቃል፤ ለመድረክም የተሰናዳ ነው። በመጨረሻ መንታዎቹ ይገናኛሉ፤ ጦቢያ ሴትነቷ ይገለጣል፤ ንጉሡ እርሷን፣ ወይዘሮዋ ዋህድን ያገባሉ፤ ንጉሡም ይጠመቃል። አንድም ሰው ጎደሎ ሆኖ አይቀርም።

በቴያትር የሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ፍጻሜ በጥርጣሬ ያየዋል። በመጽሐፍ ውስጥ የድንገት እጅ ከገጽ ጀርባ ይሸሸጋል፤ በመድረክ ላይ ግን ተመልካቹ ተዋናዩ ከመጋረጃው ጀርባ ተራውን ሲጠብቅ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በሰዓቱ ደርሶ የሚያድን ሰው ሲገባ ይስቃል። ከሣቁ ሥር ፍርድ አለ። ተመልካቹ «ይህ ለእኔ አልሆነልኝም» እያለ ነው።

በፍጻሜው ላይ ሌላ የሚነሣ ነገር አለ። በታሪኩ መጀመሪያ ነጋዴው ምርኮኛውን ሲያድን «ከማን ወገን ነህ?» ብሎ ዋጋውን አልቀነሰም፤ አልጨመረም። በታሪኩ መጨረሻ ግን ባይተዋሩ ንጉሥ ሙሉ ሰው ሆኖ በማዕድ የሚቀርበው ባይተዋርነቱን በጥምቀት ከተወ በኋላ ነው። ደራሲው በዘመናቸው ሚዛን ቢሠሩ አይፈረድባቸውም ይባል ይሆናል። ይሁንና የራሳቸው መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍል ከዘመናቸው ሚዛን በልጦ ስለተገኘ፣ ፍጻሜው የሚከሰሰው በሌላ ሳይሆን በራሱ ጅማሬ ነው። እንግዳን እንደ እኛ ከሆነ በኋላ መውደድ ብዙ አያስከፍልም። ደቻቱን ግራና ቀኝ ይዘው፣ በየቋንቋቸው እየጸለዩና እየተከራከሩ የኖሩት የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ጎረቤታቸው እነርሱን እስኪመስል ቢጠብቁ ኖሮ ከተማዋ አንድ ቀን ባልዋለች።

የደራሲውን የኋላ ሕይወት ማንሣትም ግድ ይላል። አፈ ወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከወራሪው ጎን ቆሙ፤ «ዐፈ ቄሣር» ተባሉ፤ አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ጂማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። ይህ መጽሐፋቸውን አይሰርዘውም። ግን ከዚህ ተነሥቶ ያቺን የወጆ ትዕይንት ዳግመኛ ያነበበ ሰው፣ ነጻ የሚያወጣ ገንዘብና የሚገዛ ገንዘብ በመልክ አንድ መሆናቸው ይታየዋል። ከሩቅ የመጣ፣ እጁ ያልተቈጠበ ባይተዋር ሁሉ ያ ነጋዴ አይደለም።

አሁን ደግሞ የኖሩት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አውራጃ ተወለዱ። ልጅነታቸው ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው በየመንገዱ የረገፈበት የክፉ ቀን ዘመን ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ተሰደው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተጠጉ። ከባልንጀሮቻቸው ጋር በወደቡ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያዩ ወጥተው ከውስጡ ተደብቀው ቀሩ። መርከቡም ሄደ። የመርከቡ አዛዥ ልጁን ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ አደራ ሰጠ፤ ቤተ ሰቡ እንደ ልጁ አሳደጋቸው፤ በበርሊን ሕክምና ለመማር በቁ። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ ሐያሲው «የማይመስል» ብሎ ቀይ እርሳሱን ባነሣ ነበር። ከዐድዋ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ኦስትሪያ፣ ከዚያ በርሊን፤ ዞሮም አዲስ አበባ፤ በፍጻሜው የባቡር አስተዳደር ሥራና የድሬዳዋ ነጋድራስነት። አንዷ መገጣጠሚያ ብትላላ ሁሉም ይፈርሳል።

እንዲህ በድንገት የዳነ ሰው ምን ይጽፋል? ልብ ወለዱ እንደሚያስተምረን ከሆነ ስለ መልካም ዕድል፣ ስለ ባለውለታ፣ ስለ ውቅያኖስና ስለ ሌላው ዓለም ደግነት መጻፍ ነበረባቸው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የተነሡት ግን የግብር መጠን ተወስኖ እንዲታወቅ፣ ሕግ ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። በ1911 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚመረምረውም አንድ ሕዝብ በምን ይበለጽጋል፣ በምንስ ይደኸያል የሚለውን ነው፤ የሥራን፣ የዕውቀትን፣ የንግድን፣ የገንዘብን ነገር ነው። በገጾቹ ውስጥ ዕድል ወንበር አልተሰጠውም።

ይህን ዝምታ እንዴት መተርጐም ይገባል? ምስጋና ቢስነት የሚለው አይሆንም። ምናልባት ይህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው ነገር የራሱ ታሪክ ለማንም ምሳሌ ሊሆን እንደማይችል ነው። በዚያ ክፉ ቀን ከሰሜን የተሰደዱት ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ምጽዋ ወደብ የቆመው መርከብ አንድ። ስለ መርከቡ መጻፍ ለቀሩት ልጆች የሚሰጠው ነገር የለም። ለእነርሱ የሚበጀው ልጅ ከቤቱ የማይሰደድበት፣ ጎተራ በሠራዊት የማይራቈትበት፣ ነጋዴ በየኬላው የማይገፈፍበት አገር ነው። የአፈ ወርቅ ዋህድ ውለታውን ለመመለስ ያን አንድ ነጋዴ ሊፈልግ ወጣ። ገብረ ሕይወት ግን ባለውለታቸውን ፍለጋ የወጡ አይመስልም፤ ሌላው ሰው ለመዳን ባለውለታ እንዳያሻው የሚያደርግ ሥርዓት ፍለጋ ወጡ። ይህም ውለታን መመለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እንዲያውም ዋህድ ያላሰበው መንገድ ነው።

የነጋድራስ ወንበርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በቀረጥ ቤት የቆመ ባይተዋር ፍቅርም ርኅራኄም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከፊቱ የቆመው ሰው ዕቃ በተመዘነበት ሚዛን የራሱም እንዲመዘን ነው። ዕቃው የሶማሌም ሆነ የሸዋ፣ የአርመንም ሆነ የሐረሪ፣ ሚዛኑ ካልተንጋደደ ሰውየው ስሙ ባይታወቅም ተከብሯል። ልብ ወለድ ይህን ዐይነቱን ክብር አይወደውም፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ዐይን ለዐይን አያጋጭም። ነገር ግን መቶ ባይተዋሮች በአንድ ማታ በሚወርዱበት ጣቢያ፣ ለአንዱ ምርጥ ማዕድ ቀርቦለት ዘጠና ዘጠኙ ደጅ ከሚያድሩ፣ ለመቶውም የተወሰነ የማደሪያ ዋጋና ያልተጭበረበረ ሚዛን ቢኖር ይመረጣል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ የተፈታ ቢመስል አያስደንቅም። አልተፈታም።

ከጦቢያ 58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያንኑ የተለወጠ ልብስ፣ ያንኑ የፍለጋ መንገድ ይዞ ይመጣል። ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከቤቷ ትወጣለች፤ በዛብህንም በመንገድ ታገኘዋለች። የምታገኘው ግን ቆስሎ ሊሞት ሲል ነው። ድንገት አሁንም አገናኘ፤ ነገር ግን ዘግይቶ። ለአፈ ወርቅ ጋብቻ ያመጣው ግንኙነት ለሐዲስ መቃብር አመጣ። አንባቢ በሁለተኛው አልቅሶ በመጀመሪያው ይደሰታል፤ ሲጠየቅ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱም ሐዲስ ድንገትን ካሳ ከፋይ አላደረጉትም። ፍቅረኞቹን የለያያቸው ዕድል አልነበረም፤ የዘርና የማዕረግ ሥርዓት ነበር። የፈረሰውን ሥርዓት ዕድል አይጠግነውም።

ድሬዳዋም ድንገት ካሳ እንደማይከፍል በራሷ አካል ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማለቂያ፣ ሌሊት፣ ያ ደረቅ የሚባለው ደቻቱ ከደጋ በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ሰፈሮችን ጠረገ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያች ሌሊት አንዱ ቤት ተወስዶ ቀጥሎ ያለው ቆመ። ይህን የድንገት ሥራ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚያስተካክል ደራሲ የለም። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ቤት የት እንዲሠራ እንደሚፈቀድ፣ የወንዙ ዳር በምን እንደሚጠበቅ፣ ደጋው ለምን እንደተራቈተ ነው። ይህ የገብረ ሕይወት ዐይነት ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ በገብረ ሕይወት ጥያቄ ብቻ መኖር አይቻልም፤ ይህንንም የሚመሰክርባቸው የራሳቸው ሕይወት ነው። ሥርዓት ሁሉ በሚገባ ቢሠራ፣ ደንብ ሁሉ ቢከበር፣ ያ ልጅ ምጽዋ ላይ ከመርከቡ መውረድ ነበረበት። ሳይፈቀድለት የተሳፈረ መንገደኛ ነው፤ ስሙ በመዝገብ የለም፤ ሒሳብ አልከፈለም። የመርከቡ አዛዥ መልሕቁ ከተነሣ በኋላ ያገኘው እንኳ ቢሆን፣ በሚቀጥለው ወደብ ለሚገኝ ሹም አስረክቦ እጁን ቢታጠብ ማንም አይወቅሰውም። እንዲያውም ሥራውን በሚገባ የሠራ ሰው ይባል ነበር። አዛዡ ግን ያን አላደረገም። አማርኛ ከሁለት ጥራዝ የማያንስ ትልቅ ዕውቀት ያተረፈው አንድ የባሕር ሰው ለአንድ ባይተዋር ልጅ ሲል መዝገቡን ለጊዜው በመክደኑ ነው። ሥርዓት ሁሉን እኩል ያያል፤ ለዚያውም የተመሰገነ ይሁን። ፊት ለፊቱ የቆመውን አንዱን ልጅ ግን ሊያየው የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

የድንገት ልብ ወለድ የሚወደደውም ለዚህ ይመስላል። ውሸቱ በፍጻሜው ነው፤ እውነቱ አንድ ሰው ሌላውን ባየበት የመጀመሪያ ቅጽበት ነው። አንባቢው እስከ ሌሊት የሚጠብቀው ጋብቻውን መስሎት ነው እንጂ፣ በእርግጥ የሚጠብቀው ያቺን ቅጽበት ነው፤ አንዱ ማለፍ ሲችል የሚቆምባትን።

ዛሬ አሮጌው ጣቢያ ጸጥ ብሏል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚያቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያ ነው፤ መንገደኛው በድሬዳዋ ለማደር አይገደድም። ነገር ግን የቀድሞዋን ሌሊት አንድ ጊዜ መልሶ ቢያስቡ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በቀረጥ ቤታቸው ተቀምጠው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣ በዕቃ ፉርጎ ውስጥ ተደብቆ ከጅቡቲ የመጣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ይዘው ቢያቀርቡላቸው ምን ይፈርዱ ነበር? ልጁ ቲኬት የለውም፤ ወገኑን በሚገባ መናገር አይችልም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ደንቡንም ከእርሳቸው በላይ የተሟገተለት ሰው የለም። ዘበኛው ትእዛዝ ይጠብቃል። ውጭ መሽቷል፤ ባቡሩ የሚመለሰው ጧት ነው።